ሚዛኑ ባዶውን ይታይ

ዓለም ገና ውስጥ ምስማር በኪሎ ልግዛ ያለ ሰው አቶ ዓባይነህ ሱቅ ከሄደ ትዕግሥቱን ይዞ መሄድ አለበት። አቶ ዓባይነህ ዝም ብለው አይመዝኑም። መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን ወደ ገዢው ዞር ያደርጉና «ቀስቷ ዜሮ ላይ ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። ገዢው ጎንበስ ብሎ አይቶ «ናት» ካላለ በቀር አንዲት ምስማር ሳህኑ ላይ አትወጣም። ዝናብ የመጣበት አናጢ ወይም ባጃጁን መሀል መንገድ ያቆመ ሾፌር «ኧረ እናምንዎታለን ጋሼ!» ብሎ ቢለምን ንቅንቅ አይሉም። «እኔን እመኑኝ አላልኩም፤ ሚዛኑን እዩ ነው ያልኩት» ይላሉ።

ይኸው ጠባያቸው ነው የሠፈሩን እድር ዳኝነት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሸከማቸው። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ሰባት የሳቸው የእጅ ሥራ ነው፦ «ቃለ ጉባኤው በጉባኤው ፊት ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ማናቸውም ውሳኔ አይሰጥም።» ይህች አንቀጽ የገባችው አንድ ችኩል ጸሐፊ በስብሰባው ላይ ቁጭ ብለው የነበሩ አዛውንትን ከሟቾች ዝርዝር ውስጥ ስለጻፋቸው ነው። ነገሩ የታወቀው ሰውየው ለራሳቸው የሚተከለውን ድንኳን ሊያግዙ ሲመጡ ነበር።

ስለ ዳኝነት ወሬ ከተነሣ አቶ ዓባይነህ ሁልጊዜ የሚያወሯት አንዲት ታሪክ አለች። ልጃቸው ቲቲ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሬሐና መስኮት በኳስ ተሰበረ። ግቢው ውስጥ ስድስት ልጆች ነበሩ። አቶ ዓባይነህ ከሱቅ ተጠርተው መጡ። ቲቲ አፏን ልትከፍት ስትል «ዝም! የዳኛ ልጅ ክርክር የላትም። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ!» አሏት። ሄዳ ጠየቀች። መስታወቱንም ራሳቸው ገጠሙ። «አያችሁ፣ እኔ ለልጄም አላዳላ» ብለው ነው ታሪኩን የሚጨርሱት። ሰሚው ሁሉ «ዳኛ ማለትስ እንዲህ ነው» ይላል። ቲቲ ካለች ግን ብድግ ትልና ውሃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ትሄዳለች።

አሁን ቲቲ አሥራ ሰባት ሞልቷታል። ሰበታ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ትምህርት ቤቱ ክርክር አዘጋጀ። ርእሱ «የሰው ልጅ እንዴት መጣ? በዝግመተ ለውጥ ወይስ በንድፍ?» የሚል ነው። ያሸነፈ ተማሪ ቡራዩ ሄዶ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ይወዳደራል። ቲቲ የዝግመተ ለውጥን ወገን ያዘች፤ ነገሳ የሚባል የክፍል ጓደኛዋ «ሰው በዕቅድ የተሠራ ነው» የሚለውን ያዘ። ዳኛ እንዲሆኑ የታሰቡት የባዮሎጂ አስተማሪው መምህር ከማል ነበሩ። ይህን የሰሙ ወላጆች ግን «እሳቸውማ እንጀራቸው ነው፣ ለዝግመተ ለውጥ ያጋድላሉ» ብለው ጮኹ። እንግዲያው አንድ ሰባኪ ይምጣ ሲባል ደግሞ ተማሪዎቹ ጮኹ። ርእሰ መምህሩ ኦቦ ያደታ መሀል ላይ ሆነው ሲጨንቃቸው፣ አማታቸው ያረፉ ጊዜ ለቅሶውን ኮሽታ ሳይሰማ ያስተናገደው እድር ትዝ አላቸው። በነጋታው አቶ ዓባይነህ ሱቅ በር ላይ ቆመው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ዓባይነህ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ምስማር ነው ቆርቆሮ?»

«ዳኛ ነው የፈለግኩት» አሉ ኦቦ ያደታ፤ ነገሩንም ከሥር ከመሠረቱ አስረዱ።

አቶ ዓባይነህ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንደኛዋ ተከራካሪ እኮ ልጄ ናት።»

«እሱማ ይታወቃል። ግን የመስኮቱን ታሪክ ያልሰማ ሰው ሰበታ ውስጥ አለ እንዴ?»

አቶ ዓባይነህ ደስ አላቸው። ደስታው እንዳይታወቅባቸው የቀለም ቆርቆሮዎቹን ያለ ነገሩ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው እያዛወሩ አሰቡበት። «ስማኝ ያደታ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ቅዳሴ የማላስታጉል ሰው ነኝ። ሰውን ማን እንደፈጠረው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ልቤ ወደ ነገሳ ይስበኛል። አንጀቴ ደግሞ ወደ ልጄ ይስበኛል። አንዱ አንዱን ስለሚይዘው መሀል ላይ እቆማለሁ ማለት ነው።»

«ይኼ ራሱ ሳይንስ ነው!» አሉ ኦቦ ያደታ። «ገለቶማ!» ብለው አመስግነው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩባቸው ፈጥነው ወጡ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ግን ማታ በራት ላይ ይህን ስሌት ሲሰሙ አልተዋጠላቸውም። «በሁለት ወገን በገመድ የተጎተተ ሰው መሀል ቆመ አይባልም፣ ተወጠረ ነው የሚባለው» አሉ።

ቲቲ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «አባዬ፣ በደንብ ትሰማናለህ?»

«መቼ ሳልሰማ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ቲቲ ተነሥታ ውሃ ልትጠጣ ሄደች።

ያ ሳምንት ለሱቁ የሠርግ ሳምንት ሆነ። ገዢ ያልሆነም ሰው ይመጣል። አንዲት የሰንበቴ ጓደኛቸው ሁለት ማጠፊያ ገዝተው «መቼም ዓባይነህ፣ ፈጣሪን አታስረታም» ብለዋቸው ሄዱ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ቀለም ብሩሽ ሊገዛ ገብቶ «ጋሼ፣ ፋክት ፋክት ነው እንግዲህ፣ እንዳያሳፍሩን» አላቸው። አቶ ዓባይነህ ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነበር፤ ባዶውን ሚዛን ዞር አድርገው በጣታቸው ዜሮዋን ያሳያሉ። ሰዉም እየሳቀ ይወጣል። ማታ ማታ አልጋቸው ላይ ሆነው ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ቲቲ ብታሸንፍ ሰው ምን ይላል? «አባቷ አይደል እንዴ!» ነው የሚለው። ይህን ሲያስቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተከመረ ስም በአንድ ቅዳሜ ሲናድ ይታያቸውና ይገላበጣሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። አቶ ዓባይነህ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ የእድሩን ደወል ይዘው፣ መድረኩ ጥግ በተዘጋጀላቸው ጠረጴዛ ተቀመጡ። አዲስ ደብተር ከፍተው መሀሉን በማስመሪያ ሰነጠቁትና በግራ «ቲቲ»፣ በቀኝ «ነገሳ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሕጉን አስታወቁ፦ ለጥሩ ነጥብ አንድ ጭረት፣ ከጥያቄ ለሸሸ ወይም ለተሳደበ አንድ ኤክስ። ቃሉም እንደወረደ ይመዘገባል፤ በእድር ልማዳቸው ከተናጋሪ አፍ የወጣ ነገር ከብዕራቸው አያመልጥም።

ነገሳ ጀመረ። ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ማይኩን ሲይዝ እንኳን ሰው ሰላም የሚል ይመስላል። «ጤፍ ማሳ ውስጥ ስልክ ወድቆ ብታገኙ ‹ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር በቀለ› ትላላችሁ?» አዳራሹ ሳቀ። «አትሉም። ሠሪ አለው ትላላችሁ። የሰው ዓይን ከየትኛውም ስልክ ካሜራ ይበልጣል። ታዲያ ለስልኩ ሠሪ ሰጥታችሁ ዓይንን እንዴት ባለቤት ታሳጡታላችሁ?»

አቶ ዓባይነህ ወፈር ያለች ጭረት ጣሉ።

ቲቲ ተነሣች። «ስልክ አይወልድም» ብላ ጀመረች። «የሚወልድ ነገር ግን ልጁ ልክ እሱን አይሆንም፤ ትንሽ ይለያል። የሚጠቅመው ልዩነት ይቆያል፣ የማይጠቅመው ይጠፋል። ያቺን ትንሽ ልዩነት በብዙ ሺህ ትውልድ አባዟት። አፋር ምድር ውስጥ የተገኙት አጥንቶች ይህንኑ ነው የሚያሳዩት። ደግሞም ከዝንጀሮ ተወለድን ያለ ሳይንቲስት የለም፤ የሩቅ ዘመድ ነን ነው የተባለው።»

«በማን በኩል?» አለ አንድ ወላጅ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዓባይነህ ደወሉን ደወሉ።

ቲቲ ያለችው ነገር አንጀት የሚያርስ ነበር። ብዕራቸው ጭረት ልትጥል ወረደች። ከዚያ «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ሐሳብ እጃቸውን ያዘውና ጭረቷን መሀል ላይ አቋረጧት። ግማሽ ጣት የማታህል ሆና ቀረች።

ክርክሩ እየጋለ ሄደ። ቲቲ «ንድፉ ፍጹም ከሆነ ወገባችን ለምን እንዲህ ያመናል? በአራት እግር ይሄድ የነበረ አጥንት በሁለት እንዲቆም ስለተገደደ አይደለም ወይ?» ስትል ከወላጆቹ ግማሹ ሳይታወቀው ወገቡን ደገፍ አደረገ። አቶ ዓባይነህም ሲሚንቶ ካነሱበት ቀን ጀምሮ የሚያሰቃያቸውን ወገብ በግራ እጃቸው እያሹ በቀኛቸው «ስለ ወገብ ቀለደች» ብለው ጻፉ።

ነገሳ ግን አልሸሸም። «ነዳፊው ለምን እንዲህ እንዳደረገ አላውቅም» አለ። ቀጥሎ ያላት ቃል አቶ ዓባይነህን ልባቸውን ነካቻቸው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ትሕትና! ቃሏን እንዳለች ገለበጡና የቀኑን ትልቁን ጭረት ከጎኗ አሰመሩ።

ከዚያ ነገሳ በተራው ጠየቀ፦ «ሕይወት ያላት የመጀመሪያዋ ነገር ከየት መጣች?»

ቲቲ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷን ቀጥ ብላ እያየች፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ መለሰች። አቶ ዓባይነህ የሰሙት ግን መልስ አልነበረም። ልጄ ተያዘች፣ መልስ ስላጣች ትሸሻለች ብለው አሰቡ። እጃቸው ሲጽፍ ልባቸው ትንሽ አዘነ፤ ቢሆንም ፍርድ ፍርድ ነው ብለው ኤክሱን ቁልጭ አድርገው ጻፉ።

ሲያልቅ ቆጠሩ። ነገሳ ዘጠኝ፣ ቲቲ ስድስትና አንድ ኤክስ። ብድግ አሉ።

«ውሳኔውን ብቻ ቢያሰሙን ይበቃል» አሉ ኦቦ ያደታ በጆሯቸው። «ሰዉ ርቦታል።»

«ቃለ ጉባኤ ሳይነበብማ አይሆንም» አሉ አቶ ዓባይነህ ቆጣ ብለው። «አንቀጽ ሰባት!»

መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። «ነገሳ፣ ስለ ስልክና ስለ ጤፍ ማሳ። አንድ ጭረት። ቲቲ፣ ስልክ አይወልድም። አጭር ጭረት።»

«አጭር ጭረት ምንድን ነው?» አለች አንዲት ተማሪ ከፊት ወንበር።

አቶ ዓባይነህ እንዳልሰማ ሆነው ቀጠሉ። ስለ ወገብ የጻፉትን አነበቡ። ከዚያም «ነገሳ እንዲህ አለ፦ ‹እስካሁን ያላወቅነው ነገር ለእኔም ለባላጋራዬም ምስክር አይሆንም።› ትሕትና ያለበት፣ የሐቀኛ ሰው ቃል። አንድ ትልቅ ጭረት።» አዳራሹ አጨበጨበ። ገጹን ገለበጡ። «ቲቲ፣ የመጀመሪያዋ ሕይወት ከየት መጣች ተብላ ስትጠየቅ እንዲህ አለች፦ ‹እስካሁን ያላወቅነው ነገር ለእኔም ለባላጋራዬም ምስክር...›»

ቆሙ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ጽሑፉ የራሳቸው ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

«ምን ብለው ጻፉ ጋሼ?» አለ ያ የቀለም ብሩሽ ጎረምሳ።

ደብተሩን መዝጋት ይቻል ነበር። ግን አንቀጽ ሰባትን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው እየቀነሰ «መልስ አጥታ ሸሸች። ኤክስ» ብለው አነበቡ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። መምህር ከማል አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው የተናገሯት ነገር እስከ መድረኩ ተሰማች፦ «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?»

አቶ ዓባይነህ አልሳቁም። ፊታቸው ጋለ። እምነቴና አባትነቴ በሁለት ወገን ይጎትቱኛል ብለው ነበር። ለካ ‹ለልጁ አዳላ ይሉኛል› የሚለው ፍርሃት ከእምነታቸው ጋር አብሮ በአንድ ወገን ሲጎትት ነው የዋለው። በወዲያኛው ወገን ልጃቸው ብቻዋን ነበረች። አፈሩ፤ እንዲህ ያፈሩበት ቀን ትዝ አይላቸውም።

«ወገኖቼ» አሉ። «ሱቄ የመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ሚዛኔን ባዶውን ሳላሳይ አልመዝንም። ዛሬ ግን ራሴን ሳላይ መዘንኩ። ሰው ከየት እንደመጣ የማምነውን አምናለሁ፤ እሱን አልተውም። እዚህ የተጠራሁት ግን እምነቴን ልመዝን አልነበረም፣ እነዚህ ልጆች ያሉትን ልመዝን ነበር። ስለዚህ ውሳኔ የለኝም።» ብዕራቸውን አንሥተው ከገጹ ግርጌ «ተነቧል፤ ተሽሯል» ብለው ጻፉና ፈረሙ። «በእድራችን ደንብ ደግሞ ጥፋተኛ አባል ድንኳን ይሸከማል። የሚመጣውን ድንኳን የምሸከመው እኔ ነኝ።»

«በዚያ ወገብዎ?» አለ አንድ ሰው። በዚህኛው እሳቸውም ሳቁ።

ኦቦ ያደታ ማይኩን ተቀብለው ክርክሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚደገም፣ ከሱሉልታ ሦስት ዳኞች እንደሚመጡ አስታወቁ። ሰዉ እያወራ መውጣት ጀመረ። ነገሳ እጁን አጣምሮ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ ዓባይነህ። ያቺን ቃል አብረን ነው ያዘጋጀናት፣ እኔና ቲቲ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ብንናገር ዳኛው እኩል ይሰማን እንደሆነ ለማየት ነበር። ያሰብነው ለመምህር ከማል ነው። እርስዎ ሲመረጡ እኔ እንተወው ብያት ነበር።»

«ለምን?»

«ለልጅዎ ያዳላሉ ብዬ።» አንገቱን ደፋ።

«እሷስ ምን አለች?»

ነገሳ ወደ ቲቲ አየት አደረገ፤ እሷ ወረቀቶቿን ትሰበስብ ነበር። «‹ግዴለም፣ አባቴ ፈተናውን ያልፋል› አለችኝ።»

አቶ ዓባይነህ ደወሉን በኪሳቸው ከተቱ። ያ ሁሉ ሰው ከሳቀባቸው ይልቅ ይህች ቃል ከበደቻቸው።

አባትና ልጅ ወደ ዓለም ገና የሚሄደውን ሚኒባስ ትተው የጅማን መንገድ ተከትለው በእግራቸው ጀመሩ። የጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ። ደወሉ ብቻ በየእርምጃው ኪሳቸው ውስጥ ቅጭል ይላል።

«ቲቲዬ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ምን ልትዪኝ ነበር?»

«የቱን ጊዜ?»

«የሬሐና መስኮት የተሰበረ ዕለት። አፍሽን ስትከፍቺ ዝም ያልኩሽ።»

ቲቲ ቆመች። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ መንገድ ላይ ሲመጣባት ምን እንደምታደርገው ግራ የገባት መሰለች።

«‹እኔ ነኝ የሰበርኩት› ልልህ ነበር።»

አቶ ዓባይነህ አፋቸውን ከፈቱ። «እንዴ! ታዲያ ልክ ነበር የፈረድኩት!»

«ልክ ነበርክ» አለች ቲቲ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሯ ግን ፈገግ ብሏል። «ግን አልጠየቅከኝም፣ አባዬ።»

አንድ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆሞ ረዳቱ «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» አለ። አቶ ዓባይነህ በእጃቸው ሂድ አሉት።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «እንዴት ሰበርሽው?»

ቲቲ ኳሱ የማን እንደነበረ ከሚለው ጀመረች። ታሪኩ ረጅም ነበር፤ በረኛው፣ ግንቡ፣ የተከራከሩበት ጎል፣ ሁሉም ነበረበት። አቶ ዓባይነህ እቤታቸው በር ድረስ አንዴም አላቋረጧትም።